መጀመሪያ መዝገቡን፦ ከስልክ ዋሌት ስለጠፋ ክሪፕቶ የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ርእሳችን ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ እንቅልፍ ያሳጣል። አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ዋሌቱን ሲመለከት፣ ትናንት ያየው ቢትኮይን ወይም ዩኤስዲቲ በቦታው ባይኖር ምን ያድርግ? ለዚህ ጥያቄ በየሰፈሩ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ መተግበሪያውን አጥፍተህ እንደገና ጫነው፣ ስልኩን ፍላሽ አስደርገው፣ ቴሌግራም ላይ የሚያውቅ ሰው ፈልግ። እኔ ሦስቱንም እቃወማለሁ። ዋሌት ላይ ዜሮ መታየቱ ገንዘቡ ለመጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ያልጠፋው ገንዘብ የሚጠፋው ደግሞ በድንጋጤ በሚወሰድ እርምጃ ነው። ስለዚህ ከቴክኒክ እውቀት ይልቅ የፍለጋው ቅደም ተከተል ይበልጣል እላለሁ፦ መጀመሪያ ለሁሉም ክፍት የሆነው መዝገብ፣ ቀጥሎ መተግበሪያው፣ በመጨረሻ ቁልፉ። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል፤ ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰው የማይለቀም መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ገንዘቡ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ሥራ ሲጀምር ይዞት የመጣው ዋና ነገር አንድ መዝገብ ነው፤ የትኛው አድራሻ ምን ያህል እንዳለው የሚገልጽ፣ ቅጂው በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል መዝገብ። በኋላ የመጡት ኢቴሪየም፣ ትሮን፣ ሶላናና ሌሎቹም በዚሁ መሠረት ላይ ቆመዋል። ስልካችን ውስጥ አንዲት ሳንቲም የለችም። ስልኩ የሚይዘው ምስጢራዊ ቁልፉን ነው፤ ቁልፉም በመዝገቡ ላይ የሚፈጸምን ዝውውር እንደ ባለቤት ማኅተም ያጸድቃል። ማኅተሙ ከሰነዱ ተለይቶ በሌላ ቤት ቢቀመጥ ሰነዱ እንደማይጎድል ሁሉ፣ ስልኩ ቢሰበርም መዝገቡ አይነካም። አብዛኞቹ ዋሌቶች ይህን ቁልፍ በ12 ወይም በ24 የእንግሊዝኛ ቃላት ተርጉመው ያስጽፉናል፤ ቃላቱም የሚመረጡት 2,048 ቃላት ካሉት ቋሚ ዝርዝር ነው። እንግዲህ በመስኮቱ ላይ የምናየው ቁጥር መተግበሪያው አንዱን ሰርቨር ጠይቆ ያመጣው ወሬ ነው። ወሬ ሊዘገይ፣ ሊዛባ ወይም የሌላ አድራሻ ወሬ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። «ጠፋ» የምንለው ነገር ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን ይይዛል። አንደኛ፣ ገንዘቡ በአድራሻችን ላይ አለ፣ መተግበሪያው ግን አላየውም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ወደ እኛ ገና አልደረሰም፣ ወይም መተግበሪያው የሚያሳየን ሌላ አድራሻ ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በእርግጥ ወጥቷል። ስልኩ ላይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። መዝገቡ ላይ ግን ይለያያሉ። ለቢትኮይን ሜምፑል ስፔስ፣ ለኢቴሪየም ኢተርስካን፣ ለትሮን ትሮንስካን የሚባሉ ድረ ገጾች አሉ፤ አድራሻችንን ብቻ ብናስገባ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ የገባውንና የወጣውን ከነሰዓቱ ያሳያሉ። አድራሻ ማለት ገንዘብ ለመቀበል ለሰው የምንሰጠው ነው፤ ምስጢራዊ ቃላቱን የሚጠይቅ ማንኛውም ገጽ መዝገብ ማንበቢያ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጀው ይህ ምርመራ ከማንኛውም ሌላ እርምጃ መቅደም አለበት፤ ውጤቱ ከዚህ በኋላ የምንሄድበትን መንገድ ስለሚወስን።

መዝገቡ «አለ» ካለን መረበሹን ትተን መተግበሪያውን እንመርምር። በእኛ ሰዎች ዘንድ ጎልቶ የሚታየው የኔትወርክ፣ ማለትም የመዝገብ፣ መምታታት ነው። ዩኤስዲቲ አንድ ስም ይዞ በብዙ መዝገቦች ላይ ይኖራል፤ በትሮን ላይ ያለው በኢቴሪየም ላይ ካለው ጋር አንድ ዋጋ ቢኖረውም ሌላ ሰነድ ነው። የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ፊደል ስለሚጀምር ከኢቴሪየም አድራሻ ጋር አይምታታም። የኢቴሪየም፣ የቢኤንቢ ቼይንና የፖሊጎን አድራሻዎች ግን በቅርጽ ፍጹም አንድ ናቸው፤ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱትም ያው አንድ አድራሻ ነው። ላኪው በቢኤንቢ ቼይን ልኮ ተቀባዩ ኢቴሪየምን ከፍቶ ቢጠብቅ፣ ገንዘቡ በራሱ አድራሻ ላይ ተቀምጦ እያለ ዜሮ ያያል። መፍትሔው ኔትወርኩን መቀየር፣ አንዳንዴም ቶክኑን፣ ማለትም በዚያ ኔትወርክ ላይ ያለውን ዩኤስዲቲ፣ በውል አድራሻው አማካይነት ወደ ዝርዝሩ ማስገባት ብቻ ነው። የሰርቨር መቋረጥም አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2020 ኢንፉራ የተባለው አገልግሎት ሲቋረጥ፣ በእሱ በኩል መዝገቡን የሚያነበው ሜታማስክ ዋሌት ለተጠቃሚዎቹ ትክክለኛ ሒሳባቸውን ማሳየት አቅቶት ነበር። ከማንም አድራሻ ላይ ምንም አልወጣም፤ የተዘጋው ማንበቢያው ነበር። በዚያ ቀን መተግበሪያውን አጥፍቶ ለመጫን የተጣደፈ፣ ቃላቱንም ያልጻፈ ሰው ቢኖር፣ ለሰዓታት መቋረጥ የዘላለም ኪሳራ ይከፍል ነበር።

መዝገቡ «አልደረሰም» ሲል ደግሞ ጥያቄው ወደ ላኪው ይዞራል። የቢትኮይን መዝገብ አዲስ ገጽ የሚጨምረው በአማካይ በየ10 ደቂቃው ነው፤ ዝቅተኛ ክፍያ የተከፈለበት ዝውውር ተራ ይጠብቃል፣ መጨናነቅ ካለ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ላኪውን የትራንዛክሽን መለያ ቁጥሩን መጠየቅ እንጂ «ልኬያለሁ» የሚል ስክሪንሾት መቀበል አይበቃም፤ ስክሪንሾት በማንም እጅ ይሠራል፣ መለያ ቁጥር ግን በመዝገቡ ላይ ይፈተሻል። ወደ ኤክስቼንጅ፣ ማለትም ወደ ክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት፣ የተላከ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ኤክስአርፒን የመሳሰሉ ገንዘቦች ወደ ኤክስቼንጅ ሲላኩ ከአድራሻው ጋር የደንበኛውን ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያ ቁጥር ከተረሳ ገንዘቡ ኤክስቼንጁ ዘንድ ደርሶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቆያል። ይህን ሊፈታ የሚችለው የኤክስቼንጁ የደንበኞች አገልግሎት ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም የትራንዛክሽን መለያ ቁጥሩን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተው ስልክ ሲቀየር የሚፈጠረው ነው። ባለቤቱ 12ቱን ቃላት በአዲስ ዋሌት ላይ በትክክል ያስገባል፤ ዋሌቱም ተቀብሎ ይከፈታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተዘረፍኩ» ይላል። ነገር ግን ከአንድ ቃላት ስብስብ የሚወለዱት አድራሻዎች ብዙ ናቸው፣ ዋሌቶችም ከየትኛው መስመር እንደሚጀምሩ አይስማሙም። በቢትኮይን ብቻ እንኳ በ1 የሚጀምሩ የቆዩ አድራሻዎች፣ በ3 የሚጀምሩ መካከለኞች፣ በ«ቢሲ1» የሚጀምሩ አዲሶች አሉ፤ ቃላቱ አንድ ሆነው መስመሩ ከተለየ የምናየው ሌላ ባዶ አድራሻ ነው። ብዙ ዋሌቶች ደግሞ 20 ተከታታይ ያልተጠቀምንባቸው አድራሻዎች ካጋጠሟቸው ፍለጋቸውን ያቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ገንዘብ አያዩትም። በቃላቱ ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል የጨመረ ሰው ካለ፣ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ዋሌቱ «ተሳስተሃል» አይለውም፤ ዝም ብሎ ሌላ ባዶ ሒሳብ ይከፍትለታል። የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ጀማሪን ብቻ አያጠቃም። በቶኪዮ ይሠራ የነበረው ማውንት ጎክስ የተባለ የቢትኮይን ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ወደ 850,000 ቢትኮይን ጎደለብኝ ብሎ ኪሳራ ካወጀ በኋላ፣ በማርች ወር ወደ 200,000 የሚጠጋው በአሮጌ ዋሌት ውስጥ መገኘቱን አሳውቋል። የቀረው 650,000 በእርግጥ ሄዷል፤ ነገር ግን ሥራው ሁሉ ይህ የነበረ ድርጅት እንኳ የራሱን ገንዘብ ቆጥሮ አለመጨረሱ፣ ከመርዶው በፊት መቁጠር እንደሚገባ ያሳያል።

አሁን መተግበሪያውን አጥፍቶ መጫንና ስልኩን ፍላሽ ማስደረግ ለምን አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል። በሌላ መተግበሪያ ላይ ይህ ምክር ደህና ነው፤ የባንክ መተግበሪያ ቢጠፋ ሒሳቡ ባንኩ ዘንድ አለ፣ ስልክ ቁጥራችንን ሰጥተን እንመለሳለን። በዋሌት ላይ ግን ቁልፉን ከእኛ በቀር የያዘው የለም። ቃላቱ በወረቀት ካልተጻፉ፣ መተግበሪያውን ማጥፋት ማኅተሙን እሳት ውስጥ መጣል ነው፤ ገንዘቡ በመዝገቡ ላይ ለዘላለም ይታያል፣ የሚያንቀሳቅሰው ግን አይኖርም። ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ቃላቱ በእጃችን መኖራቸውን፣ ትክክለኛውን አድራሻ መክፈታቸውንም በሌላ ንጹሕ ስልክ ሳናረጋግጥ ከመጀመሪያው ስልክ ላይ ምንም አንሰርዝ። ስልኩ ተበላሽቶ ሞባይል ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም፣ ዋሌቱ እንደተከፈተ፣ የስልኩ ፒን በብጣሽ ወረቀት ተጽፎለት ለባለሙያ አይተውም።

መዝገቡ «ወጥቷል» ካለ ደግሞ ከመዝገቡ ፊት ለመነሣት አንቸኩል፤ አወጣጡ ራሱ የሌባውን መንገድ ይናገራልና። በልዩ ልዩ ኔትወርኮች ያለን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ተጠራርጎ ከወጣ፣ የተሰረቀው ቁልፉ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 በሶላና ላይ ከ8,000 የሚበልጡ ዋሌቶች በአንድ ሌሊት ሲታጠቡ፣ ምርመራው ያመለከተው ስሎፕ የተባለው የስልክ ዋሌት የተጠቃሚዎቹን ምስጢራዊ ቃላት ወደ ሰርቨር ይልክ እንደነበር ነው። የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ይፋ ያደረገው ስፓርክካት የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ደግሞ በጎግል ፕሌይም በአፕ ስቶርም ባሉ መተግበሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ፣ በስልኩ የፎቶ ማኅደር ውስጥ የምስጢራዊ ቃላት ፎቶ ካለ ፈልጎ ያነብ ነበር። ከዚህ በኋላ የይለፍ ቃል መቀየር ጥቅም የለውም፤ የወጣ ቁልፍ አይመለስም፣ በሌላ ስልክ አዲስ ቃላት ያለው አዲስ ዋሌት ከፍቶ የቀረውን ማዛወር ብቻ ነው መፍትሔው። አንድ ቶክን ብቻ ሄዶ ሌላው ሁሉ ካለ ግን፣ ምናልባት ለአንድ ድረ ገጽ ያንን ቶክን እንዲወስድ ፈቃድ ሰጥተን ረስተነዋል፤ እዚህ ፈቃዱን መሰረዝ ይቻላል፣ መሰረዝም አለበት። በሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ዝውውሩን ያጸደቅነው ራሳችን ነን፣ አድራሻው ግን ያሰብነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አንድ ባለ ሀብት 1,155 ቢትኮይን የሚወክል፣ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቶክን እንዲህ ልኮ ነበር። ሌባው የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላቱ የሚመሳሰሉ አድራሻ ፈጥሮ በዝውውር ታሪኩ ውስጥ አስገብቶለት፣ ባለቤቱ ከዚያ ገልብጦ ላከ። በኋላ በድርድር አብዛኛው ተመልሶለታል፤ ሌላው ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል ሊጠብቅ አይችልም። ሦስቱ ስርቆቶች ሦስት መድኃኒት አላቸው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን መዝገቡ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ዘረፋ እንመጣለን። ገንዘቡ የጠፋበት ሰው በቴሌግራም ግሩፕ «እርዱኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከደቂቃዎች በኋላ በግል መልእክት የሚመጣለት «የዋሌቱ ድጋፍ ሰጪ ነኝ» ባይ ቃላቱን ይጠይቀዋል፤ ሌላው «ከሌባው እጅ አስመልሳለሁ፣ የአገልግሎት ክፍያ ቅድሚያ ላክ» ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በተለይ ስለ እነዚህ አስመላሽ ነን ባዮች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለተቋሙ ሪፖርት የተደረገው ከክሪፕቶ ጋር የተያያዘ ኪሳራ በ2023 ከ5.6 ቢሊዮን ዶላር ያለፈ ሲሆን፣ በ2024 ወደ 9.3 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ አስመላሽ ነን ባዮቹ ደንበኛ የሚያገኙት ከዚህ ሁሉ የተጎዳ ሰው መካከል ነው። መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ የተረዳ ሰው ግን እነዚህን ለመለየት ዝርዝር አያስፈልገውም። ያለ ቁልፉ ዝውውር የሚሽር ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ እሽራለሁ የሚል ይዋሻል። መዝገብ ለማንበብ አድራሻ ይበቃል፤ ስለዚህ ቃላቱን የጠየቀ ሊሰርቅ ነው። ጠባብም ቢሆን እውነተኛ በር ያላቸው ግን ሁለት ወገኖች አሉ። ሌባው ገንዘቡን ወደ ታወቀ ኤክስቼንጅ ካስገባ ኤክስቼንጁ ሊያግደው ይችላል፤ ዩኤስዲቲ ከሆነ አሳታሚው ቴዘር በሕግ አስከባሪዎች ጥያቄ አድራሻን የማገድ ሥልጣን አለው። ሁለቱም የሚፈልጉት የትራንዛክሽን መለያ ቁጥርና የፖሊስ ሪፖርት ነው፤ ሁለቱም ፍጥነት ይጠይቃሉ።

እስካሁን ባልኩት ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደት ያላቸውም ናቸው። አንደኛው፣ «ይህ ሁሉ ለተራ ሰው ከባድ ነው፤ ገንዘቡን ኤክስቼንጅ ላይ ትቶ ጭንቀቱን ለባለሙያ መስጠት አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ቃላቱን በአግባቡ መጠበቅ ለማይችል ሰው ይህ ምክንያታዊ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምን እንደተለወጠ እንወቅ። ኤክስቼንጅ ላይ ያለው ገንዘብ በኤክስቼንጁ አድራሻ እንጂ በእኛ አድራሻ አይመዘገብም፤ የእኛ ድርሻ የሚታየው በኤክስቼንጁ የግል ደብተር ላይ ብቻ ነው። ያ ደብተር ሐሰት ቢሆን ከውጭ የምናይበት መንገድ የለም። ኤፍቲኤክስ የተባለው ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2022 የኪሳራ ጥበቃ እስከጠየቀበት ጊዜ ድረስ ደንበኞቹ በስልካቸው ላይ ሙሉ ሒሳብ ያዩ ነበር። ከዋሌቱ ዜሮ ጀርባ ገንዘብ ሊኖር እንደሚችል ሁሉ፣ ከኤክስቼንጁ ሙሉ ቁጥር ጀርባም ባዶ ካዝና ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ኤክስቼንጅ ችግሩን አያስወግደውም፤ በራሳችን መፈተሽ የምንችለውን ጥያቄ ለሌላ ሰው ታማኝነት ይሰጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «መዝገቡ ሌባው ያለበትን አድራሻ ቢያሳይ ምን ይጠቅማል? ስም የለው፣ ፊት የለው» የሚል ነው። መዝገቡ ስም እንደማይጽፍ እውነት ነው፤ ግን አይረሳም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው ኤክስቼንጅ 119,754 ቢትኮይን ተሰርቆ ነበር፤ ገንዘቡ ለዓመታት በብዙ አድራሻዎች ቢዘዋወርም ዱካውን ተከትሎ በፌብሩዋሪ 2022 የአሜሪካ መንግሥት ከ94,000 በላይ የሚሆነውን በቁጥጥር ሥር አውሏል። ለ500 ዶላር እንዲህ ያለ መርማሪ እንደማይመደብ አልክድም። ይሁን እንጂ ያ 500 ዶላር ከሌሎች ሰዎች ገንዘብ ጋር በአንድ ሌባ አድራሻ ላይ ሲጠራቀም ትልቅ ጉዳይ ይሆናል፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም እያንዳንዱ ተጎጂ የመዘገበው መለያ ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአገራችን ሁኔታ የሚነሣ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ ገንዘቦች መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። «ታዲያ ስለዚህ ነገር በአማርኛ ማስተማር ሕዝቡን ወደ አደጋ መግፋት አይሆንም?» ይባላል። ሕጉ ይከበር፤ ይህ ዲስኩርም ማንንም ግዛ ወይም ሽጥ አይልም። ነገር ግን አማርኛ አንባቢው ያለው አንድ አገር ውስጥ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን እንደ ንብረት ቆጥሮ ግብር ይጠይቅበታል፤ ዱባይም እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚሁ የተለየ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች፤ በሁለቱም ቦታ ወገኖቻችን አሉ። ከዚያም በላይ፣ አቤት የሚባልበት በር በጠበበ ቁጥር ራስን የመጠበቅ እውቀት ይበልጥ ያስፈልጋል። በአማርኛ የሚጽፈው አታላይ ማሳሰቢያውን አንብቦ ሥራውን አላቆመም፤ እኛ ዝም ስንል ሜዳው ለእሱ ብቻ ይቀራል።

ማጠቃለያዬ ለሁለት ወገን ነው። ዋሌት ላላችሁ፦ አድራሻዎቻችሁንና እያንዳንዱ በየትኛው ኔትወርክ ላይ እንዳለ በወረቀት ጻፉ፤ ምስጢራዊ ቃላቱን በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ፎቶ አታንሷቸው። የየትኛው ዋሌት ቃላት እንደሆኑም ጻፉ፤ ያ አንድ ማስታወሻ ስልክ በሚቀየርበት ቀን የመስመር ፍለጋውን ሁሉ ያስቀራል። ብዙ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት በጥቂት ገንዘብ ጀምራችሁ ቃላቱ በሌላ ስልክ ላይ ያንኑ አድራሻ መክፈታቸውን ፈትሹ። ዋሌት ለምትሠሩ ወጣት ባለሙያዎች ደግሞ፦ ሰርቨሩ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር «0» ብሎ ማሳየት ለተጠቃሚው ሐሰት መንገር ነው፤ «ማንበብ አልቻልኩም፣ መጨረሻ ያነበብኩት በዚህ ሰዓት ነው» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ጻፉ፣ ከአጠገቡም መዝገቡን የሚከፍት ሊንክ አኑሩ። ባለቤቱ ራሱ መርማሪ በሆነበት በዚህ ዓይነት ገንዘብ፣ ሕዝቡን ከብዙ ኪሳራ የሚያድነው ማንም ሳይከለክለው ሊያየው የሚችለውን ማስረጃ ከማንም ቀድሞ እንዲያይ ማስቻል ነው።